አይ7 ከማለትሽ በፊት ማጠፊያውን እዪው

«ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ኢንጂነሪንግ ገብቷል። ዲፓርትመንት ገና አልመረጠም። ልቡ ወደ ሜካኒካል ነው፣ ያ ካልሆነ ሲቪል ይላል። ላፕቶፕ የምገዛለት እኔ ነኝ። ከደሞዜ እየቆጠብኩ ነው የቆየሁት፤ ሁለተኛ የመግዛት አቅም የለኝም። እሱ የጌሚንግ ላፕቶፕ ይፈልጋል። የሥራ ባልደረባዬ ‹ፕሮሰሰሩ አይ7 ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለም› አለችኝ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ‹ማክቡክ ግዢለት፣ አሥር ዓመት ይቆያል› ይላል። እኔ የምፈልገው እስኪመረቅ፣ ቢቻል ሥራ እስኪይዝ ድረስ የሚያገለግለው ነው። አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ? ስገዛስ ምን ምኑን ልይ?»
እህቱ ነኝ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው «ሁለተኛ የመግዛት አቅም የለኝም» ያልሽው ላይ ነው። ምክሬም ከዚያ ይነሳል። በየሁለት ዓመቱ የሚቀይር ሰው ፍጥነቱን ብቻ አይቶ ቢገዛ ምንም አይደል። አንቺ ግን አንዴ ገዝተሽ መጨረስ አለብሽ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በይልኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ምንም የማይሆን ላፕቶፕ የለም። ባትሪ ይደክማል። የቻርጀር ገመድ ይበጠሳል። ፋን በአቧራ ይታፈናል። የሚበረክተው ላፕቶፕ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ተከፍቶ፣ ዕቃው ተቀይሮ፣ ወደ ሥራው የሚመለሰው ነው። እንፈልግ የምልሽም እሱን ነው።

ይህን ያወቅኩት ከፍዬበት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ላፕቶፕ ገዛሁ። ስስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዓይን የሚገባ። ፕሮሰሰሩም፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ቺፕ፣ በጊዜው ጥሩ ከሚባሉት ነበር። አንድ ዓመት ከሁለት ወር እንደሠራሁበት አንድ ጠዋት ስከፍተው በግራ በኩል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የስክሪኑ ጠርዝ ከታችኛው አካል ትንሽ ተላቆ ነበር። ጠጋኙ ፈትቶ ሲያሳየኝ ነገሩ ገባኝ። ማጠፊያው፣ ሂንጅ የሚሉት፣ ጠንካራ ብረት ነው። ብሎኖቹ የታሰሩት ግን ፕላስቲክ ውስጥ በተቀበሩ፣ ከክብሪት ራስ በማይበልጡ የናስ ዳዶዎች ላይ ነው። በከፈትኩትና በዘጋሁት ቁጥር ብረቱ ፕላስቲኩን ሲጎትተው ኖሯል። በመጨረሻ ፕላስቲኩ ተሰነጠቀ፤ ዳዶዎቹ ከነብሎናቸው ተነቅለው ወጡ። ጠጋኙ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ሦስት ናቸው፤ በያንዳንዳቸው ዙሪያ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ተጣብቋል። ፕሮሰሰሩ ምንም አልሆነም። ራሙም (ጊዜያዊ የሥራ ማስታወሻው) ደህና ነው። ላፕቶፑ ግን መዘጋት አቃተው። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው የስክሪኑ ገመድ ተቆረጠ።

እና ላፕቶፕ እንድመለከትለት ሰው ሲጠይቀኝ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማጠፊያው ነው። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። ክዳኑን ቀስ ብለሽ ክፈቺ። ሲከፈት የሚንጫጫ ድምፅ ካለ፣ ወይም ከማጠፊያው አጠገብ ያለው ፕላስቲክ ከፍ ከፍ ካለ፣ አልፈሽው ሂጂ። ከዚያ በአንድ እጅሽ የታችኛውን አካል ከፊት ጥጉ ይዘሽ ትንሽ አንሺው። እንደ ካርቶን የሚታጠፍ ከሆነ ውስጡ ያለው ማዘርቦርድም (ዕቃዎቹ ሁሉ የተያያዙበት ዋናው ሰሌዳ) አብሮ እየታጠፈ ነው። ይህን ለማየት የኮምፒዩተር ዕውቀት አያስፈልግሽም። ሻጩም ሊደብቅሽ አይችልም።

ትልልቆቹ አምራቾች ላፕቶፕ የሚሠሩት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ለቤት ተጠቃሚ የሚሆን ነው፤ ቀለል ያለ፣ የሚያምር፣ ዋጋው እንዲቀንስ ሲባል አካሉ ላይ የተቆጠበበት። ሌላው ለመሥሪያ ቤቶች የሚሸጠው ነው። የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ ከዚህኛው ወገን ናቸው። ዴል እ.ኤ.አ. በ2025 የላቲቲዩድን ስም ቀይሮ አዲሶቹን «ዴል ፕሮ» ብሏቸዋል። አንድ መሥሪያ ቤት በአንዴ ብዙ መቶ ላፕቶፕ ሲገዛ አንዱ በተበላሸ ቁጥር አዲስ መግዛት አይፈልግም። ስለዚህ እነዚህ ሲሠሩ ጀምሮ ለጥገና ታስበው ነው። የታችኛው ክዳን በተራ ካቻቢቴ ይከፈታል። ባትሪው በብሎን የታሰረ ነው እንጂ በሙጫ የተለጠፈ አይደለም። መለዋወጫቸው ሞዴሉ መመረት ካቆመ በኋላም ለዓመታት ይገኛል። ሦስቱም ኩባንያዎች ለየሞዴሉ የጥገና መመሪያ በድረ ገጻቸው በነፃ አስቀምጠዋል፤ የትኛው ብሎን ቀድሞ እንደሚፈታ ሳይቀር በሥዕል ያሳያል። የምትገዢውን ሞዴል ስም ይዘሽ ይህን መመሪያ ፈልጊ። ከተገኘ ጥሩ ምልክት ነው።

የእኔ ምርጫ ከዚህ ወገን ነው። አሁን ሌሎቹ የነገሩሽን አንድ በአንድ እንያቸው።

ዘመድሽ ስለ ማክቡክ ያለው ውሸት አይደለም። አካሉ ጠንካራ ነው፤ ባትሪው ይቆያል። ወንድምሽ ሶፍትዌር ቢያጠና ኖሮ አልቃወምም ነበር። እሱ የሚያስበው ግን ሜካኒካልና ሲቪል ነው። በሜካኒካል ሶሊድወርክስ የሚባለው የዕቃ መንደፊያ ፕሮግራም ይጠብቀዋል። በሲቪል ሬቪት እና ኢታብስ የሚባሉት የሕንፃ መንደፊያና ማስሊያ ፕሮግራሞች አሉ። እነዚህ ሦስቱም የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው፤ የማክ ስሪት የላቸውም። የሥዕል መሥሪያው አውቶካድና የሒሳብ ማስሊያው ማትላብ ለማክም አሉ፤ ግን ሁለቱ ብቻቸውን አያስመርቁትም። ድሮ ማክቡክ በኢንቴል ፕሮሰሰር በሚሠራበት ጊዜ ቡት ካምፕ በሚባለው መንገድ ዊንዶውስ ይጫንበት ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ኤም1 የተባለውን የራሱን ቺፕ ይዞ ሲመጣ ያ በር ተዘጋ። ዛሬ በማክ ውስጥ ዊንዶውስን የሚያስኬዱ ሌሎች ዘዴዎች አሉ። ነገር ግን ነገ ፕሮጀክት የሚያስረክብ ተማሪ ፕሮግራሙ ይከፈትልኝ ይሆን እያለ ማደር የለበትም። በዚያ ላይ የአሁኖቹ ማክቡኮች ራምም ሆነ ኤስኤስዲ (ፋይል ማከማቻው) ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ከገዛሽው በኋላ ልጨምርለት ብትዪ አይቻልም።

በዚህ አጋጣሚ፣ ስናፕድራጎን የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው የዊንዶውስ ላፕቶፖችም አሉ። ባትሪያቸው ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ሻጩ ሊያሳምንሽ ይችላል። የውስጥ አሠራራቸው ከኢንቴልና ከኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የተለየ ስለሆነ አንዳንድ የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞችና ድራይቨሮች አይሠሩባቸውም። ለወንድምሽ ስትገዢ እለፊያቸው።

ወደ አይ7 እንምጣ። ባልደረባሽ ያለችሽን ብዙ ሰው ይላል፤ ብዙ ሰውም የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አይ7 የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ምሳሌ ልስጥሽ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ኮር አይ7-7500ዩ ሁለት ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚካፈሉ ሁለት ማስሊያ ክፍሎች፣ ብቻ ነው ያለው። በዓመቱ የወጣው ኮር አይ5-8250ዩ አራት አለው። ታናሹ ታላቁን በለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቢ። 8250 ከሆነ 8ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ነው። 1135 ከሆነ 11ኛ። 1335 ከሆነ 13ኛ። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደልም ትርጉም አለው። ዩ ማለት ኃይል ቆጣቢ ነው፤ ባትሪ አይጨርስም፣ ብዙም አይግልም። ኤች ከሆነ ጉልበታም ነው፤ ብዙ ኃይል ይበላል፣ የተሻለ ማቀዝቀዣም ይፈልጋል። ከእ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ጀምሮ ኢንቴል «ኮር አልትራ» የሚል አዲስ ስም አምጥቷል፤ እነዚያ ሁሉም አዲስ ናቸው።

ጄኔሬሽኑን አጥብቄ የያዝኩት በምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉትን ነው። ከዚያ በታች ያለ አይ7 በርካሽ ሲያቀርቡልሽ ደስ አይበልሽ። ለአምስት ዓመት ከሆነ ደግሞ እኔ 8ኛውም ጠርዝ ላይ ነው እላለሁ። ከ11ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያለ አይ5 ፈልጊ፤ 12ኛ ወይም 13ኛ ካገኘሽ የተሻለ ነው። ኤኤምዲ ከሆነ ራይዘን 5፣ ከ5000 ተከታታይ ወዲህ ያለው። ከዚያ የተረፈሽን ገንዘብ አይ7 ላይ አታፍስሺው። ሶሊድወርክስ ውስጥ አንድ ክፍል ሲነድፍ ሥራው በአብዛኛው የሚያርፈው በአንድ ኮር ላይ ነው። ብዙ ኮር የሚጠቅመው ሬንደር ሲያደርግ (ንድፉን እንደ ፎቶ ሲያወጣ) እና ሲሙሌሽን ሲያስኬድ (ንድፉን በስሌት ሲፈትን) ነው፤ ያ ደግሞ በተማሪ ደረጃ የየቀን ሥራ አይደለም።

ገንዘብሽን የምታውዪው ራም ላይ ነው። 16 ጂቢ። በ8 ጂቢ መጀመሪያው ዓመት ያልፋል፤ ጽሑፍ ይጽፋል፣ ፒዲኤፍ ያነባል፣ ትንሽ ኮድ ይሞክራል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ግን እንዲህ ይሆናል። ሶሊድወርክስ ላይ ብዙ ክፍሎች ያሉት አሴምብሊ ከፍቷል። አጠገቡ የክሮም ታቦች አሉ፣ የመምህሩ ፒዲኤፍ አለ፣ ቴሌግራምም አለ። ራሙ ይሞላል። ኮምፒዩተሩ ቦታ ሲያጣ ዕቃውን ወደ ኤስኤስዲ ማመላለስ ይጀምራል። ማውዙ ክብ እየሠራ ይሽከረከራል። ሥዕሉን ሊያዞር ሲል ስታክ ያደርጋል። ያኔ ልጁ «ላፕቶፑ አረጀ» ይላል። ላፕቶፑ አላረጀም፤ ራም አንሶት ነው።

ለዚህ ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «ራሙ ይቀየራል ወይስ የተበየደ ነው?» መልሱን እሱ ካላወቀ የሞዴሉን ስም ይዘሽ ከላይ ያልኩሽን የጥገና መመሪያ እዪ። የራሙ ዓይነት ኤልፒ ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ ማለትም ኤልፒዲዲአር ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የተበየደ ነው። ሁለት የራም ማስገቢያ ያለው ላፕቶፕ ለአንቺ ትልቅ ነገር ነው። አሁን አቅምሽ 8 ጂቢ ላይ ቢያቆምሽ እንኳ በሁለተኛው ማስገቢያ ሌላ 8 በኋላ ትጨምሪለታለሽ። ሁለት ባለ 8 አንድ ባለ 16 ከመሆን ይሻላል፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለው ግራፊክስ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የሚሥለው ክፍል፣ ይፈጥናል። ስትጨምሪ ግን ዓይነቱ አንድ መሆን አለበት። ዲዲአር4 በዲዲአር5 ማስገቢያ አይገባም። የተበየደ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው 16 ይኑረው፤ ከዚያ በታች አትውሰጂ።

ማከማቻው 512 ጂቢ ኤስኤስዲ ይሁን፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ዓይነት። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ብቻ ያለውን፣ ወይም ኢኤምኤምሲ የሚል የተጻፈበትን አትግዢ። ስክሪኑ 1920 በ1080 ወይም ከዚያ በላይ። 1366 በ768 የሚሉት አሮጌው ስክሪን ላይ የአውቶካድ ሜኑዎች ግማሹን ቦታ ይይዙትና ልጁ ሥዕሉን በቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ይሆናል። ቻርጅ የሚያደርገው በዩኤስቢ-ሲ ከሆነና ሁለት ቀዳዳ ካለው ደስ ይለኛል፤ አንዱ ቢላላ በሌላው ይቀጥላል።

ወንድምሽ የጌሚንግ ላፕቶፕ ማለቱን እንደ ልጅነት አትቁጠሪበት። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኘው በእነሱ ላይ ነው። ማቀዝቀዣቸው ሰፊ ነው። ራማቸውና ኤስኤስዲያቸውም ብዙ ጊዜ ይቀየራል። ችግሩ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ከነቻርጀራቸው ወደ ሦስት ኪሎ ይጠጋሉ፤ ያንን በየቀኑ ከክፍል ክፍል፣ ከቤተ መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ይዞ መዞር አለበት። ባትሪያቸው ከባድ ሥራ ላይ ቶሎ ስለሚያልቅ ሶኬት አጠገብ ያስቀምጠዋል። ርካሾቹ ላይ ደግሞ አካሉ ፕላስቲክ ነው፤ የከበደ ክዳን በደካማ ማጠፊያ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ነግሬሻለሁ።

ለመሆኑ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል ወይ? ሲቪል ከሆነ የአውቶካድ ባለ ሁለት ገጽታ ሥዕልም ሆነ የኢታብስ ሥራ ከፕሮሰሰሩ ጋር ባለው ግራፊክስ ይሄዳል። ሬቪት ላይ ትልቅ ሕንፃ ሲሆን ይከብደዋል፤ ግን የተማሪ ፕሮጀክት ያን ያህል አይገፋም። ሜካኒካል ከሆነ ግን ባለ 4 ጂቢ ወይም ከዚያ በላይ ሜሞሪ ያለው የኤንቪዲያ ካርድ ቢኖረው ልቡ ያርፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስተኛ መንገድ አለ። እነዚያው የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች ለኢንጂነሮች ተብለው የሚሠሩ ወንድሞች አሏቸው፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ፣ የዴል ፕሪሲዥን፣ የኤችፒ ዜድቡክ። ሞባይል ዎርክስቴሽን ይባላሉ። ግራፊክስ ካርዳቸውን የሶሊድወርክስና የመሰሎቹ አምራቾች ፈትነው ያጸድቁታል። አዲሱ ዋጋው አይቀመስም። ያገለገለው ግን ከአዲስ የጌሚንግ ላፕቶፕ ጋር የሚቀራረብበት፣ አንዳንዴም የሚያንስበት ጊዜ ብዙ ነው። ወንድምሽ ሜካኒካልን ከያዘ ይህን ፈልጊለት። ዲፓርትመንቱን እስኪመርጥ መጠበቅ ከቻልሽ ደግሞ ጠብቂ። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት በአብዛኛው ሒሳብና ፊዚክስ ነው፤ ከቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ጋር ሊያልፍ ይችላል።

አዲስ ወይስ ያገለገለ ላልሽው፣ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ገንዘብሽ ለአዲስ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከበቃ እሱን ግዢ፤ ብዙ ጊዜ ከቤት ተጠቃሚው የረዘመ ዋስትና ይዞ ይመጣል። ካልበቃ ግን ከአዲስና ርካሽ የቤት ላፕቶፕ ይልቅ ሦስት ዓመት ያገለገለ ቲንክፓድ ወይም ላቲቲዩድ እመርጥልሻለሁ። ብዙ ድርጅቶች ላፕቶፖቻቸውን በሦስት በአራት ዓመት ስለሚቀይሩ ደህና ዕቃ ወደ ገበያ ይወጣል። የዚህ ምርጫ ሸክሙ ያለው አንቺ ላይ ነው፤ ከመክፈልሽ በፊት መፈተሽ አለብሽ። ሰዓት ይዘሽ ሂጂ። ወንድምሽንም ይዘሽው ሂጂ፤ ኪቦርዱን የሚነካው እሱ ነው።

መጀመሪያ ከተዘጋበት አስነሽውና ወደ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ወዳለው ማስተካከያ) ግቢ። በአብዛኛው ኤፍ2 ወይም ኤፍ10 ወይም ኤፍ1 ተጭነሽ ነው፤ ሻጩ ያሳይሽ። ፓስወርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ቆመሽ አትከራከሪ፣ ተይው። የቀድሞ ድርጅቱ ቆልፎት ሊሆን ይችላል፤ ወይም አመጣጡ ቀና ላይሆን ይችላል። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ሲጫን የአንድ ድርጅት ስም አምጥቶ የመግቢያ ኢሜይል የሚጠይቅ ከሆነም እንዲሁ ነው።

ከዚያ ባትሪው። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣበት ትእዛዝ አለው፤ ሻጩ ወይም ወንድምሽ በኮማንድ ፕሮምፕት ያወጡልሻል። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጊ። «ዲዛይን ካፓሲቲ» የሚለው ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅም ነው። «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚለው ዛሬ የቀረውን። ለምሳሌ የመጀመሪያው 57,000 ሆኖ ሁለተኛው 39,900 ከሆነ 70 በመቶው ቀርቷል ማለት ነው። ባትሪ መድከሙ ላፕቶፑን እንድትተዪው አያደርግም፤ ይቀየራል። ዋጋ የምትቀንሺበት ነጥብ አድርጊው። ያበጠ ባትሪ ግን ሌላ ነገር ነው። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ፣ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ ከተገፋ፣ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ያ አደገኛ ነው።

በመቀጠል ቢያንስ ሃያ ደቂቃ አሠሪው። ብዙ ታብ ክፈቺ፣ ከፍ ባለ ጥራት ቪዲዮ አጫውቺ፣ አውቶካድ ካለበት አስከፍቺው። ድንገት ከጠፋ፣ ስክሪኑ ከተንቀጠቀጠ፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ከጮኸ ምክንያቱን ሳታውቂ አትክፈዪ። ኪቦርዱን ቁልፍ በቁልፍ ጻፊበት። እያንዳንዱን ቀዳዳ በፍላሽ ሞክሪ። ነጭ ምስል ከፍተሽ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለ እዪ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የኤስኤስዲውን ጤንነት በመቶኛ ይነግርሻል። ማዘርቦርዱ ተጠግኗል ከተባልሽ እኔ አልገዛም። ባትሪና ራም ይቀየራሉ፤ የተነካካ ማዘርቦርድ ግን ዛሬ ሠርቶ ነገ ይተዋል።

አሁን ደግሞ ለወንድምሽ የምትነግሪውን ልጨምር። ላፕቶፕን ቶሎ ከሚገድሉት ነገሮች ዋናው ሙቀት ነው። ተማሪ ደግሞ አልጋ ላይ ይሠራል። ብርድ ልብሱ የታችኛውን የአየር ማስገቢያ ይደፍነዋል፤ ፋኑ አየር አጥቶ ክሩን ይስባል። አንድ የሁለት ዓመት ላፕቶፕ ሲከፈት አይቻለሁ። በፋኑና በሙቀት ማስወጫው ክንፎች መካከል ግራጫ አቧራ ተጋግሮ፣ በወረንጦ ሲሳብ እንደ ጨርቅ ቁራጭ ተያይዞ ወጣ። ባለቤቱ «ቀርፋፋ ሆነብኝ» ብሎ ሊሸጠው ነበር የመጣው። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያ ጨርቅ የሚመስል አቧራ ከወጣና ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የደረቀ ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ከታደሰ በኋላ ላፕቶፑ እንደ ድሮው ሆነ። ስለዚህ በዓመት አንዴ ውስጡ ይጸዳ። አየር ሲነፋበት ፋኑ በጣት ተይዞ ይሁን፤ በኃይል ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል። ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጦ ይሥራ። ወደ ቦርሳ ሲያስገባው ደግሞ ክዳኑን ዝም ብሎ ከመዝጋት ፈጽሞ ያጥፋው። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ተኝተዋል ሲባል ቦርሳ ውስጥ ነቅተው ይግላሉ።

ክዳኑን ከመሃል ይዞ ይክፈት፤ ከጥግ ሲከፈት ጭነቱ በአንድ ማጠፊያ ላይ ያርፋል። ስክሪኑን ይዞ አያንጠልጥለው። ባትሪው እንዲቆይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሶኬት ላይ ሰክቶ የሚሠራ ከሆነ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ያድርገው። በሦስቱም ብራንዶች፣ በአምራቹ ፕሮግራም ወይም በባዮስ በኩል፣ ይህ ማስተካከያ ብዙ ሞዴሎች ላይ ይገኛል። ሊቲየም ባትሪ ሁልጊዜ ሞልቶ፣ በዚያ ላይ በሙቀት ውስጥ ሲቀመጥ ቶሎ ያረጃል።

ፕሮግራሞቹን ክራክ አድርጎ መጫን አያስፈልገውም። አውቶካድንና ሬቪትን የሚያወጣው አውቶዴስክ ተማሪ መሆኑን ላረጋገጠ በነፃ ይሰጣል፤ በየዓመቱ ማሳደስ ብቻ ነው። ማትላብ ትምህርት ቤቱ ከሌለው ኦክታቭ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙውን የቤት ሥራ ይሸፍንለታል። ከማይታወቅ ቦታ የወረደ ክራክ ቫይረስ ይዞ ገብቶ የአንድ ሴሚስተር ሥራ የቆለፈበት ልጅ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ሲያወራው ድምፁ ይለወጣል።

ስለዚህ ከላፕቶፑ በጀት ላይ ትንሽ ቀንሰሽ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ግዢለት። በየሳምንቱ አንድ ቀን ሥራውን እዚያ ይገልብጥ። ትልልቅ ያልሆኑትን ፋይሎች ጎግል ድራይቭ ላይ ያስቀምጥ። ላፕቶፑ ቢሰረቅም ቢወድቅም የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ይተርፋል። የገዛሽበትን ደረሰኝና ከሥር የተለጠፈውን መለያ ቁጥር ደግሞ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ያዢ፤ ያ ጽሑፍ በጊዜ ብዛት ይፋቃል።

ከመግዛትሽ በፊት የመረጥሽውን ሞዴል ሙሉ ስም ከነቁጥሩ ላኪልኝ። ራሙ የተበየደ መሆን አለመሆኑን፣ ባትሪውም እንዴት እንደሚወጣ ከጥገና መመሪያው አይቼ እነግርሻለሁ።